ከችግር ልየታ እስከ ገበያ፦ የምህንድስና ንድፍ ዘዴዎችና የምርት ልማት መሠረታዊ መረጃ

መግቢያ

በአገራችን በርካታ ዜጎች በአካባቢያቸው ለሚታዩ ችግሮች መፍትሔ የሚሆኑ መሣሪያዎችን በራሳቸው ተነሣሽነት ይሠራሉ። የማሽላ መውቂያ፣ የውሃ መሳቢያ፣ የማገዶ ቆጣቢ ምድጃና የእህል ማከማቻ በተደጋጋሚ ከሚቀርቡት ሥራዎች መካከል ይገኙበታል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ በዐውደ ርእይ ከታዩ በኋላ ወደ ተጠቃሚው እጅ ሳይደርሱ ይቀራሉ። ሠሪው ጊዜውንና ጥሪቱን አፍስሶ ናሙናውን ከጨረሰ በኋላ መሣሪያው ለተጠቃሚው አቅም ውድ፣ ለጥገና አስቸጋሪ ወይም ለአካባቢው የማይስማማ ሆኖ ይገኛል።

ይህን የመሰለ ኪሣራ በአብዛኛው የሚያስከትለው የሥራው ቅደም ተከተል መዛባት ነው። ተጠቃሚው ሊጠየቅ የሚገባው ብረት ከመቆረጡ በፊት ሆኖ ሳለ፣ የሚጠየቀው መሣሪያው ካለቀ በኋላ ነው። የምህንድስና ንድፍ ዘዴዎች ጥናት የሚባለው የዕውቀት ዘርፍ ይህን ቅደም ተከተል የሚመረምር ሲሆን፣ ግኝቶቹም በትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ ሳይሆን በአንድ የብየዳ ቤት ወይም በአንድ አርሶ አደር ግቢ ሊሠራባቸው የሚችሉ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ የፈጠራ ባለሙያዎች፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዝ አንቀሳቃሾች፣ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችና ሌሎች ተገልጋዮች ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮችን ይዟል። ዘዴዎቹን ለማስረዳት በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠራማ ክፍል የሚገኘው ዋሂል በምሳሌነት ተወስዷል። ዋሂልን ጨምሮ የድሬዳዋ ገጠር ቀበሌዎች ዝናብ አጠርና ማሽላ አምራች አካባቢዎች ናቸው። የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ በአንድ የመኸር ምርት ላይ የሚመሠረት በመሆኑ፣ በመሣሪያ ንድፍ ላይ የሚፈጸም ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም።

1. የምህንድስና ንድፍ ዘዴ ምንድን ነው?

የምህንድስና ንድፍ ዘዴ ማለት አንድን ፍላጎት ወደሚሠራና ወደሚመረት ዕቃ ለመለወጥ የሚከናወኑ ተግባራትን በሥርዓት የማካሄጃ መንገድ ነው። ዘርፉ ራሱን የቻለ የጥናት መስክ ሆኖ የዳበረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያ በኋላ ነው። ጀርመናውያኑ ጌርሃርድ ፓልና ቮልፍጋንግ ባይትዝ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት መጽሐፍ የንድፍን ሥራ በአራት ምዕራፎች ከፍለው አቅርበዋል፤ እነርሱም ተግባሩን ግልጽ ማድረግ፣ የመፍትሔ ሐሳብ ማመንጨት፣ ለመፍትሔው ቅርጽ መስጠትና ዝርዝር ንድፍ ማዘጋጀት ናቸው። ጃፓናዊው ዮጂ አካኦ የተጠቃሚውን ቃል ወደሚለካ የምርት ባሕርይ የመተርጎም ዘዴን አዳብሯል። እንግሊዛዊው ስቱዋርት ፑ ደግሞ አማራጭ ሐሳቦችን በሠንጠረዥ የማነጻጸር ቀላል ዘዴ አስተዋውቋል።

እነዚህ ዘዴዎች በዝርዝራቸው ይለያዩ እንጂ በአንድ ነጥብ ይስማማሉ። በሥራው መጀመሪያ፣ በወረቀት ላይ ሳለ የሚታረም ስሕተት ጥቂት ወጪ ይጠይቃል፤ ይኸው ስሕተት ቅርጽ ማውጫው ከተሠራና ምርቱ ከተሸጠ በኋላ ሲታወቅ ግን ወጪው ብዙ እጥፍ ይሆናል።

2. በአገራችን የተገኘ ተሞክሮ

2.1 ምርጥ ምድጃ

በኢትዮጵያ የምርት ልማት ታሪክ በአርአያነት ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ በተለምዶ «ምርጥ» በመባል የሚታወቀው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ነው። ምድጃው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል አማካይነት የተዘጋጀ ነው። ጥናቱ የተነሣው ከግልጽ ችግር ነበር። በአገራችን ቤቶች ከሚነደው ማገዶ ከፍተኛውን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ሲሆን፣ በሦስት ጉልቻ ላይ በሚነድ ክፍት እሳት ደግሞ የሙቀቱ አብዛኛው ክፍል ወደ ውጭ ይባክናል።

የንድፉ ውሳኔዎች የተጠቃሚውንና የአምራቹን ሁኔታ የተከተሉ መሆናቸው በምድጃው ላይ በግልጽ ይታያል። ምድጃው የተለመደውን ሰፊ ምጣድ የሚቀበል በመሆኑ ጋጋሪዋ የለመደችውን ምጣድ እንድትጥል አያስገድዳትም። እሳቱ በግድግዳ የታጠረ ስለሆነ ሙቀቱ ወደ ምጣዱ ያመራል፤ ከጀርባ የሚወጣው ትኩስ አየርም ድስት ወይም ጀበና ለማሞቅ ያገለግላል። ምድጃው ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጠጠር፣ በቅርጽ ማውጫ፣ በየክፍሉ የሚመረት በመሆኑ በየከተማው ያሉ አነስተኛ አምራቾች ሊያመርቱትና ክፍሎቹን ለየብቻ ሊያጓጉዙት ይችላሉ። በፍተሻ እንደተረጋገጠው ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ምርቱ ከወጣ በኋላም ንድፉ አልቆመም። በኋለኞቹ ዓመታት የግድግዳው ውፍረት ተቀንሶ የሲሚንቶ ወጪውና ክብደቱ እንዲቃለል ተደርጓል። በተመሳሳይ መንገድ የከሰል ፍጆታን ለመቀነስ «ላቀች» የተባለው ምድጃ የኬንያን የሸክላና የቆርቆሮ ምድጃ መነሻ በማድረግ ለአገራችን ማብሰያ እንዲስማማ ተሻሽሎ ተሠርቷል። ይህም ከሌላ አገር የተወሰደ ሐሳብ ከአካባቢው ድስትና ከአካባቢው አጠቃቀም ጋር ሲጣጣም ውጤት እንደሚሰጥ ያሳያል።

2.2 ገልባጭ ማረሻ

በአንጻሩ ከውጭ የመጡ ገልባጭ የብረት ማረሻዎች በተለያዩ ጊዜያት ቢሞከሩም ባህላዊውን የበሬ ማረሻ በስፋት ሊተኩ አልቻሉም። ማረሻዎቹ አፈሩን በመገልበጥ ረገድ የተሻሉ ቢሆኑም ለአገራችን በሬዎች ጉልበት የከበዱ፣ ዋጋቸው ከፍ ያለና ሲሰበሩ በቅርብ ባለ ቀጥቃጭ በቀላሉ የማይጠገኑ ነበሩ። ባህላዊው ማረሻ ግን በአንድ ሰው ትከሻ ተሸክሞ ወደ ማሳ የሚወሰድ፣ አብዛኛው አካሉ ገበሬው ራሱ ከእንጨት የሚያዘጋጀው ነው። ከዚህ ተሞክሮ የሚወሰደው ትምህርት፣ መሣሪያው ሥራውን ማከናወኑ ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው። ማን ይሸከመዋል፣ ማን ይጠግነዋል፣ ማን ይገዛዋል የሚሉት ጥያቄዎች የንድፉ አካል ናቸው።

2.3 የድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ

የባቡር ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋ የጥገና ማዕከል ሆነች። በወርክሾፑ የሠሩ ባለሙያዎች ያረጁ መለዋወጫዎችን ለክተው፣ ሥዕላቸውን አንሥተው በሞረድና በቶርኖ መሣሪያዎች እየሠሩ ባቡሮቹን ለረጅም ዓመታት በሥራ ላይ አቆይተዋል። አንድን ያለ ዕቃ ፈትቶ፣ ለክቶና አሠራሩን ተረድቶ እንደገና መሥራት እስከ ዛሬ በምርት ልማት ውስጥ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ነው። ሆኖም መቅዳት የሚጠቅመው ዕቃው ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ሲታወቅ ነው።

3. የምርት ልማት ቅደም ተከተል በምሳሌ፦ የማሽላ ማከማቻ

በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በሐረርጌ፣ ማሽላን ከመሬት በታች በተቆፈረ ጉድጓድ ማከማቸት የቆየ ልማድ ነው። ጉድጓዱ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ውሃ በማይተኛበት ደረቅ ቦታ ይቆፈራል፤ እህሉ ከገባ በኋላም አፉ በድንጋይ ወይም በእንጨት፣ በገለባና በጭቃ ይደፈናል። ጉድጓዱ የግንባታ ዕቃ አይፈልግም፤ ከእሳትና ከሌባ የተጠበቀ ነው። በውስጡ ያለው ኦክስጅን እያለቀ ሲሄድም የነቀዝ መራባት ይገታል። ጉድለቱ ከግድግዳው የሚገባው እርጥበት ሲሆን፣ በዚህ ምክንያት በዳርና በአፍ አካባቢ ያለው እህል ይሻግታል። ከጉድጓድ የወጣ ማሽላ የመብቀል ኃይሉ ስለሚቀንስ ለዘር የሚሆነው ለብቻው እንዲቀመጥ ይመከራል።

በዋሂል የሚኖር አንድ አመልካች ይህን ማከማቻ ለማሻሻል ቢነሣ ሊከተላቸው የሚገቡ ደረጃዎች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

3.1 ችግሩን መለየት

አመልካቹ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ልሥራ?» ብሎ ሳይሆን «የሚጎዳው ማን ነው? መቼ? ምን ያህል?» ብሎ ነው። ለዚህም ቢያንስ ዐሥር ያህል ቤተሰቦችን በየቤታቸው ሄዶ ማነጋገር፣ ጉድጓድ ሲከፈትና እህል ሲወጣ በቦታው ተገኝቶ መመልከት፣ የተበላሸውን እህል ከደኅናው ለይቶ መመዘን ያስፈልጋል። ቃለ መጠይቁ ተጠያቂዎች በሚናገሩበት ቋንቋ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ፣ ቢካሄድ የተሟላ መልስ ይገኛል። እህሉን በየዕለቱ የምታወጣውና የምታስፈጨው እናት ከአባወራው የተለየ ችግር ልትናገር ስለምትችል ሁለቱም ለየብቻ ሊጠየቁ ይገባል።

3.2 መስፈርቶችን በሚለካ ቋንቋ መጻፍ

ከተጠቃሚዎች የተገኘው ቃል በቀጥታ ለንድፍ አያገለግልም፤ ወደሚለካ መስፈርት መተርጎም አለበት። «እህሉ እንዳይበላሽ» የሚለው ፍላጎት ለምሳሌ እንደሚከተለው ሊዘረዘር ይችላል፦

• ዐሥር ኩንታል ማሽላ ይይዛል፤
• በስድስት ወራት ውስጥ የእህሉ የእርጥበት መጠን ከአንድ በመቶ በላይ አይጨምርም፤
• ሁለት ሰዎች በሦስት ቀናት ውስጥ ሊሠሩት ይችላሉ፤
• ከሲሚንቶና ከላስቲክ በስተቀር ሌላው ዕቃ በአካባቢው ይገኛል፤
• አይጥና ምስጥ አያስገባም፤
• ሕፃን ሊከፍተው አይችልም፤ አዋቂ ግን ያለ መሣሪያ ይከፍተዋል።

መስፈርቶቹ «ግዴታ» እና «ቢኖር የሚመረጥ» ተብለው በሁለት ሊከፈሉ ይገባል። ዋጋም ራሱን የቻለ መስፈርት ነው። የማከማቻው ዋጋ በየዓመቱ ከሚድነው እህል ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪውን በስንት ዓመት ይመልሳል የሚለው ስሌት ከዚህ ደረጃ ማለፍ የለበትም።

3.3 አማራጭ ሐሳቦችን ማመንጨት

በመጀመሪያ የታሰበው ሐሳብ ብቸኛው መፍትሔ ሆኖ መወሰድ የለበትም። ሥራው ወደ ንዑስ ተግባራት ይከፈላል፤ በምሳሌያችን እርጥበትን መከላከል፣ አየርን መዝጋት፣ ተባይን መከላከል፣ እህል ማስገባትና ማውጣት የሚሉት ናቸው። ከዚያም ለእያንዳንዱ ተግባር የተለያዩ መንገዶች ይዘረዘራሉ። ለማሽላ ማከማቻ ከሚታወቁት አማራጮች መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

ሀ) ግድግዳው በገለባና በላስቲክ የተሸፈነ ጉድጓድ፤
ለ) ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ፤
ሐ) ከቆርቆሮ የተሠራ የብረት ሲሎ፤
መ) ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶች ከውስጥ፣ አንድ የተለመደ ማዳበሪያ ከረጢት ከውጭ ያሉት አየር የማያስገባ ከረጢት።

በአራተኛ ተራ የተጠቀሰው ከረጢት ራሱ የንድፍ ጥናት ውጤት ነው። በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በካሜሩን ለሚመረት የላም አተር (ካውፒ) ማከማቻ እንዲሆን የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ ለሌሎች እህሎችም በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ያገለግላል። የሚሠራው በጥንታዊው ጉድጓድ መርሕ ነው። ተባዮቹ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ከጨረሱ በኋላ መብላትና መራባት ያቆማሉ።

3.4 አማራጮችን ማነጻጸር

ስቱዋርት ፑ ያስተዋወቀው ዘዴ ለዚህ ደረጃ አመቺ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው ዕቃ፣ ማለትም ያልተሸፈነው ጉድጓድ፣ መነሻ ይደረጋል። እያንዳንዱ አማራጭ በእያንዳንዱ መስፈርት ከመነሻው የተሻለ ከሆነ የመደመር፣ የባሰ ከሆነ የመቀነስ፣ እኩል ከሆነ የእኩል ምልክት ይሰጠዋል።

በዚህ መንገድ ሲታይ በሲሚንቶ የተለሰነው ጉድጓድ በእርጥበት መከላከል መደመር፣ በዋጋ መቀነስ፣ ከሌባ በመጠበቅ እኩል ያገኛል። የብረት ሲሎው እርጥበትንና አይጥን በመከላከል መደመር ቢያገኝም በዋጋ መቀነስ ያገኛል። በተጨማሪም ፀሐይ በሚበረታበት አካባቢ ከጥላ ውጭ ከተቀመጠ ቀን ሲሞቅና ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ጤዛ ሊፈጥር ይችላል። አየር የማያስገባው ከረጢት በነቀዝና በእርጥበት መከላከል የተሻለ ሲሆን፣ አይጥ ሊበሳው፣ ሌባም ሊሸከመው ይችላል። ከዚህም ሌላ ወደ ከረጢቱ የሚገባው ማሽላ በሚገባ የደረቀ መሆን አለበት። የእርጥበት መጠኑ ከ13 በመቶ በላይ ከሆነ ዝግ ከረጢት ሻጋታን አይከላከልም።

የሠንጠረዡ ዓላማ የምልክቶቹን ድምር ወስዶ አሸናፊ ማወጅ አይደለም። የእያንዳንዱን ሐሳብ ድክመት በግልጽ ማሳየትና የአንዱን ብርታት ከሌላው ጋር ማጣመር የሚቻልበትን መንገድ መጠቆም ነው። ለምሳሌ ዝግ ከረጢቶችን በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ማስቀመጥ ሁለቱም ለየብቻ ያለባቸውን ጉድለት ሊቀንስ ይችል እንደሆነ በናሙና ሊፈተሽ የሚገባው ሐሳብ ነው።

3.5 የብልሽትና የአደጋ ትንተና

ናሙናው ከመሠራቱ በፊት «ምን ሊበላሽ ይችላል?» የሚለው ጥያቄ በጽሑፍ ሊመለስ ይገባል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1949 በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተጀመረ ሲሆን፣ ኋላ በአውሮፕላንና በተሽከርካሪ ኢንዱስትሪ ተስፋፍቷል። ለእያንዳንዱ ሊደርስ ለሚችል ብልሽት የጉዳቱ ክብደት፣ የመከሰት ዕድሉና ቀድሞ ለማወቅ ያለው አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ሦስቱ ሲባዙም ቅድሚያ የሚሰጠው ጉዳይ ይታወቃል።

በምሳሌያችን ከፍተኛውን የክብደት ነጥብ የሚያገኘው የእህሉ መሻገት አይደለም። ለወራት ተዘግቶ የቆየ የእህል ጉድጓድ ኦክስጅኑ ያለቀና በካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሞላ ስለሆነ፣ እንደተከፈተ የሚገባ ሰው ራሱን ሊስት ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ጉድጓዱ አየር እስኪለዋወጥ ድረስ በቂ ጊዜ ተከፍቶ ሊቆይ ይገባል፤ ማንም ሰው ውጭ ሆኖ የሚጠብቀው ሳይኖር ብቻውን መግባት የለበትም፤ የወደቀ ሰው ቢኖርም በገመድ ለማውጣት መሞከር እንጂ ተከትሎ መግባት ተጨማሪ ሕይወት ያስከፍላል። አየር የማያስገባውን ማከማቻ ይበልጥ ለማጥበቅ የሚነሣ የፈጠራ ባለሙያ ይህን አደጋ ሊያባብስ እንደሚችል ማወቅና ሰው ሳይገባ እህል የሚወጣበትን መንገድ በንድፉ ማካተት ይጠበቅበታል።

3.6 ናሙና መሥራትና መፈተሽ

ናሙና የሚሠራው አንድን ጥያቄ ለመመለስ ነው። መጀመሪያ በአነስተኛ መጠንና በርካሽ ዕቃ ተሠርቶ ዋናው ጥርጣሬ ይፈተሻል፤ ሙሉ መጠን ያለው ናሙና የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በምድጃ ምርምር የሚሠራባቸው ሦስት የፍተሻ ደረጃዎች ለሌሎች ምርቶችም አርአያ ይሆናሉ። የመጀመሪያው በቤተ ሙከራ የሚደረግ የውሃ ማፍላት ፍተሻ ነው። ሁለተኛው በቁጥጥር ሥር አንድ ዓይነት ምግብ የማብሰል ፍተሻ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በተጠቃሚዎች ቤት፣ በተለመደው አኗኗር የሚደረግ ፍተሻ ነው። በቤተ ሙከራ ጥሩ ውጤት ያገኘ ዕቃ በሦስተኛው ደረጃ ሲወድቅ ይታያል፤ ምክንያቱም በቤት ውስጥ ማገዶው እርጥብ፣ ጊዜው አጭር፣ ትኩረቱም የተከፋፈለ ነው።

ለማሽላ ማከማቻው ሦስተኛው ፍተሻ ቢያንስ አንድ ሙሉ የማከማቻ ወቅት ይጠይቃል። በተመሳሳይ ግቢ አንድ የተለመደ ጉድጓድና አንድ የተሻሻለ ማከማቻ ጎን ለጎን ሆነው ከአንድ ማሳ የተገኘ እህል ሊሞላባቸው ይገባል። ሲከፈቱም የተበላሸው እህል ተለይቶ ይመዘናል። ናሙናው ባይሳካ ቤተሰቡ ቀለቡን እንዳያጣ፣ ለሙከራ የሚውለው እህል መጠን አስቀድሞ የሚወሰንና አመልካቹ የሚተካው መሆን አለበት።

3.7 ለማምረት ማዘጋጀት

ፍተሻውን ያለፈ ናሙና ገና ምርት አይደለም። ሌላ ባለሙያ ሠሪውን ሳይጠይቅ ሊሠራው እንዲችል ሙሉ ልኬት ያለው ሥዕል፣ የዕቃዎች ዝርዝር፣ የአሠራር ቅደም ተከተልና የአጠቃቀም መመሪያ ሊዘጋጅለት ይገባል። የሚቻለውን ያህል በገበያ የተለመዱ የቆርቆሮ፣ የቧንቧና የብሎን መጠኖችን መጠቀም ወጪን ይቀንሳል፤ ጥገናንም ያቀላጥፋል።

4. ተገልጋዮች ሊያገኟቸው የሚችሉ ድጋፎች

4.1 የቴክኒክ ድጋፍ

የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት በኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎታቸው ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች በቴክኒክ ክህሎት፣ በኢንተርፕረነርሺፕ፣ በካይዘንና በቴክኖሎጂ ድጋፍ ይሰጣሉ። በድሬዳዋና አካባቢዋ ለሚገኙ አመልካቾች ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በምህንድስና፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በግብርናና ከምርት በኋላ በሚደረግ እንክብካቤ መስኮች የቅርብ የዕውቀት ማዕከላት ናቸው። የእርሻ መሣሪያ ለሚሠሩ ደግሞ በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የሚካሄደው የእርሻ መሣሪያዎች ምርምር ጠቃሚ መነሻ ይሆናል።

4.2 የአእምሯዊ ንብረት ጥበቃ

የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለአዳዲስ ሥራዎች ጥበቃ ይሰጣል። ማመልከቻ የሚቀርበው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

• ፓተንት፦ አዲስ የሆነ፣ ፈጠራዊ ብቃት ያለውና በኢንዱስትሪ ሊተገበር ለሚችል ፈጠራ ለ15 ዓመታት የሚሰጥ ሲሆን፣ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ለተጨማሪ 5 ዓመታት ሊራዘም ይችላል።
• የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፍኬት፦ ለአነስተኛ ፈጠራ ለ5 ዓመታት ይሰጣል፤ ለሌላ 5 ዓመታት ሊታደስ ይችላል። ባህላዊ መሣሪያን ለሚያሻሽሉ አመልካቾች በአብዛኛው የሚስማማው ይህ ነው።
• የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ምዝገባ፦ የዕቃውን ቅርጽና ገጽታ ለ5 ዓመታት የሚጠብቅ ሲሆን፣ ለሁለት ተጨማሪ የ5 ዓመት ጊዜያት ሊራዘም ይችላል።

ለፈጠራ ማመልከቻ የፈጠራው መግለጫ፣ ጥበቃ የሚጠየቅበት ነጥብ ዝርዝር፣ አጭር ጭማቂና አስፈላጊ ሲሆን ሥዕል ይቀርባል። አመልካቾች ሥራቸውን በዐውደ ርእይ፣ በመገናኛ ብዙኃን ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ይፋ ከማድረጋቸው በፊት ማመልከቻቸውን ቢያቀርቡ ወይም ምክር ቢጠይቁ ይመረጣል፤ አስቀድሞ ይፋ የሆነ ሥራ አዲስ የመባል መስፈርቱን ሊያጣ ይችላልና። ወቅታዊ የአገልግሎት ክፍያዎችና ቅጾች ከባለሥልጣኑ ይገኛሉ።

4.3 ደረጃና የጥራት ፍተሻ

የምርት ደረጃዎችን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ምርቶች ከደረጃዎቹ ጋር መጣጣማቸውን በላቦራቶሪ ፍተሻ ይመዝናል። አመልካቾች ለምርታቸው የወጣ ደረጃ መኖሩን ማጣራት የሚገባቸው መስፈርት በሚጽፉበት ጊዜ ነው። ናሙናው ካለቀ በኋላ ማጣራት ሥራውን እንደገና ለመጀመር ሊያስገድድ ይችላል።

5. በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ከፍተኛ ትምህርት የሌለው ሰው እነዚህን ዘዴዎች ሊጠቀም ይችላል?
መልስ፦ ይችላል። ቃለ መጠይቅ፣ የመስፈርት ዝርዝር፣ የማነጻጸሪያ ሠንጠረዥና የብልሽት ትንተና አንድ ደብተር፣ እርሳስና ሚዛን ብቻ ይጠይቃሉ። የኃይል ወይም የጥንካሬ ስሌት በሚያስፈልግበት ጊዜ ከማሠልጠኛ ተቋማት እገዛ መጠየቅ ይቻላል።

ጥያቄ፦ የሌላ አገር ምርትን አሻሽሎ መሥራት እንደ ፈጠራ ይቆጠራል?
መልስ፦ የተጨመረው ማሻሻያ አዲስና በሥራ ላይ ሊውል የሚችል ከሆነ ማሻሻያው በአነስተኛ ፈጠራነት ሊታይ ይችላል። እንዳለ የተቀዳ ሥራ ግን የቀጅው ፈጠራ አይሆንም፤ በአገር ውስጥ ጥበቃ ያለው ከሆነም የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሐሳቡን ለተጠቃሚዎች ማሳየት ለስርቆት አያጋልጥም?
መልስ፦ በችግር ልየታ ደረጃ የሚጠየቀው ስለ ችግሩ እንጂ ስለ መፍትሔው አይደለም። ናሙና ለፍተሻ ወደ ቤተሰቦች ከመሄዱ በፊት ግን የጥበቃ ማመልከቻን ጉዳይ ማጤን ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ ፍተሻው ባይሳካ ድካሙ በከንቱ ይቀራል?
መልስ፦ አይቀርም። ያልተሳካበት ምክንያት በጽሑፍ ከተያዘ ለቀጣዩ ንድፍ መስፈርት ይሆናል። በአንድ ናሙና ላይ የታየ ጉድለት በመቶ ቤተሰቦች ዘንድ ከመድረሱ በፊት መታወቁ ራሱ የፍተሻው ውጤት ነው።

6. ማጠቃለያ

አንድ ምርት ሥራውን ጀመረ የሚባለው ሠሪው በሌለበት፣ በተጠቃሚው እጅ፣ በተጠቃሚው አቅም ሲያገለግል ነው። ምርጥ ምድጃ ወደ ብዙ ቤቶች ሊገባ የቻለው ጋጋሪዋ ምጣዷን፣ አነስተኛው አምራችም አሸዋውንና ቅርጽ ማውጫውን ይዘው ሊቀበሉት በመቻላቸው ነው። በዋሂልም ሆነ በሌላ አካባቢ ለሚነሣ የፈጠራ ባለሙያ የመጀመሪያው የሥራ ቦታ የብየዳ ቤቱ ሳይሆን ማከማቻው የሚከፈትበት ግቢ፣ የመጀመሪያው መሣሪያም ደብተርና ሚዛን ነው።

ተገልጋዮች ሥራቸው ያለበትን ደረጃ ከላይ ከተዘረዘሩት ሰባት ደረጃዎች አንጻር ለይተው፣ የመስፈርት ዝርዝራቸውንና የፍተሻ ውጤታቸውን በጽሑፍ ይዘው ቢቀርቡ ተገቢውን ድጋፍ በአጭር ጊዜ ለማግኘት ይረዳቸዋል።